ዘጠነኛው ሳምንት

መስከረም 12 ቀን፤ ዝናብ ካቆመ አንድ ሳምንት

ባሕር ማዶ ላለሽው ለወንድሜ ልጅ፣ ለድንቢጤ፤

ይህ ወረቀት ጤና ሆነሽ፣ ጠግበሽ፣ ሥራሽም ላይ ሆነሽ ያግኝሽ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የሄድሽበት አገር ሰው ክፉ ቃል አይናገርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስነሳ ይጮኻል እንጂ አልከዳኝም። ሰላምታው ይብቃንና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

የምትጽፍልኝ አዋላጇ ናት። አንቺንም ያዋለደችሽ እሷ ስለሆነች ሚስጥር የለንም። እንዳልኩት እንድትጽፍ፣ እንዳታሳምርልኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ባለፈው «ያ ደደብ» ያልኩትን «ያ የተከበሩ ሰው» ብላ ጽፋ አሳፍራኛለች።

ዘንድሮ ዝናቡ በወር ቀድሞ ጥሎን ሄደ። የጉድጓዱ ውሃ ከአሁኑ ገመድ እያስረዘመን ነው። ቢሆንም ይህን የማስጽፍልሽ ላማርር አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። የደን ሹሙን ታስታውሺዋለሽ? ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት «ከእንግዲህ አንድ ሣር ብትለኩስ ወህኒ ትወርዳለህ» ብሎ ክብሪቴን ከኪሴ አውጥቶ የወሰደው፣ በአውራ ጣቴ ያስፈረመኝ ሰው። ባለፈው ሰኞ በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ጉልበቴም ጠየቀኝ። በመጨረሻ አፉን ፈታ። ከላይ ትእዛዝ ተለውጧል፤ ጠባሳውን እንደ ድሮው አበጅልን አለ።

ጠባሳ የምንለውን መቼም አልረሳሽውም። በደኑ ዳርና በቤቶቹ መሀል ያለውን ሣር አየሩ ሳይከፋ በፊት በቀጭኑ አቃጥለን ጥቁር መስመር እንሠራለን። በኋላ ትልቁ እሳት ከደኑ ሲወርድ የሚበላው ነገር ያጣና እዚያ ይቆማል። አባቴ፣ ያንቺ አያት፣ ሠላሳ ዓመት ሠራው። እኔም ከሱ ተቀብዬ እስኪከለክሉኝ ድረስ ሠራሁት። አባ ክብሪት ያሉኝ በከንቱ አይደለም።

ሹሙ ሲጠይቀኝ ምን አልኩት? ያልሰማ መሰልኩ። ሁለተኛ እንዲጠይቀኝ ነበር የፈለግኩት። ጠየቀኝ። እሺ አልኩ፤ አባቴ ዝናብ ካቆመ በዘጠነኛው ሳምንት ነበር የሚለኩሰው፣ እኔም በዘጠነኛው እለኩሳለሁ፣ እስከዚያ ሰው አዘጋጅ አልኩት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልተነካ ሣር ወገቤ ድረስ መጥቷል፤ በዚህ ላይ የረገፈው ቅጠል አለ። ለዚህ ደህና ጫማ ያስፈልገኛልና ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

በሬዲዮ እናንተ ዘንድ በጋውን ሙሉ ደን ሲነድ ነበር ይላሉ። አንቺ ደግሞ አራት ወር አልጻፍሽም። ሥራ በዝቶብሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? አንድ መስመርም ቢሆን ይበቃኛል።

አጎትሽ፤ አውራ ጣቴን ከታች አኑሬአለሁ።


መስከረም 28 ቀን

ለምወድዎት አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስታውን ገና ሳልከፍት የእርስዎ ድምፅ የተሰማኝ መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለምትጽፍልዎት ለሲስተር እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ቡትሱን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን በግምት ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የጠባሳውን ነገር ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። የምሠራው በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ክፍል እንደሆነ ነግሬዎት ነበር። ግድግዳው ሙሉ ካርታ ነው፤ ከእሱ ፊት ተቀምጬ ሰዎች ሲደውሉ እቀበላለሁ፣ መኪኖቹን እልካለሁ። አምስት በጋ እዚያ ተቀምጫለሁ፤ እንደ ዘንድሮው ግን አላየሁም። አንድ ነገር ልበልና አይቆጡኝ።

ድርቁ ብቻውን ቢመጣ እንችለው ነበር። ሙቀቱም እንዲሁ። ጉድ የሚፈላው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲቀር ሥሩ ከመሬት የሚስበው ያጣል። ከዚያ ላይ ለሳምንት የማይበርድ ሙቀት ሲመጣ አየሩ በቅጠሉ ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ይጠጣታል። ለዓይን አረንጓዴ የሚመስለው ቅጠል እንኳ እንደ ወረቀት ይይዛል። ድሮ ሲመሽ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ጤዛ ይወርድ ነበር፤ እሳቱም ያንቀላፋና ሰዎቻችን ያን ጊዜ ይደርሱበት ነበር። ዘንድሮ እሳቱ አላንቀላፋም። ሌሊቱም እንደ ቀኑ ሞቃት ነበርና።

አጎቴ፣ ዝናቡ በወር ቀድሞ አቁሟል ብለውኛል። በዚህ ላይ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሣር አለ። ዘጠነኛውን ሳምንት ባይጠብቁ ደስ ይለኛል። በበሩ መቃን ላይ አያቴና እርስዎ ትቆርጡት የነበረው ጭረት አሁንም አለ? ልጅ ሆኜ ጣቴን እየከተትኩ እጫወትበት ነበር። ለአንድ ዓመት አንድ ረድፍ፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ለየሳምንቱ አንድ አጭር ጭረት፤ ሣሩ በእጅ ተጨብጦ ሲሰበርና ሲለኮስ የዚያ ሳምንት ጭረት ይረዝማል። እባክዎ ሲስተር ትቁጠርልኝ። ጠባሳው ስንት ሳምንት ላይ ይለኮስ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ፈጣሪ ከእነ ጉልበትዎ ያቆይልኝ።

ድንቢጥዎ


ጥቅምት 12 ቀን፤ ስድስተኛው ሳምንት

ለድንቢጤ፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽን መኪናው ከትናንት ወዲያ አመጣው። ቡትሱም ደርሷል። የግራው ይጠባል፣ የቀኙ ይሰፋል። ወይ የዚያ አገር ጫማ ሰፊው ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፣ ወይ የኔ እግር እርስ በርሱ ተኳርፏል። ቢሆንም አድርጌዋለሁ፤ ሰውም እያየ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሣር ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ በሁለት እግርሽ ሳትቆሚ እኔ በዚያ ደን ዳር ሃያ ጠባሳ አበጅቻለሁ። አንዱም አላመለጠኝም። ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሣር አይሸትም። አባቴ ዘጠኝ አለ፤ ዘጠኝ ነው። መቃኑ ላይ ያለውን እኔ ራሴ በቢላዬ የቆረጥኩት ነው፤ በገዛ እጄ የቆረጥኩትን ሰው ይቁጠርልኝ እንዴ? አዋላጇ ልቁጠር ብላ ተነሥታ ነበር፤ ተቀመጪ አልኳት።

ኅዳር 7 ቀን ይለኮሳል። ሹሙ ሃያ አምስት ሰው መድቦልኛል። ጡብ ሠሪዎቹ በርሜል ሊያመጡ ነው። ፀጉር ቆራጩ እንኳ ሱቁን ዘግቶ ሊመጣ ነው። በመንገድ ሳልፍ አባ ክብሪት ተመለሰ ይሉኛል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩበት መንገድ ነው። ይህን አንቺ አታውቂውም።

ትናንት በዚያው ሳልፍ ሣሩን ጨበጥ አድርጌው ነበር። ተሰበረ። አንድ ዘለላ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

ምንም እንዳትልኪልኝ። ሁሉም ነገር አለኝ። ደህና ሁኚ።

አጎትሽ፤ አሻራዬ ከታች አለ።

ልጄ፣ ይህን የምጨምረው እኔ አዋላጇ ነኝ። ጨርሰሻል ወይ ሲለኝ አድራሻ እየጻፍኩ ነው ብዬዋለሁ፤ ስለዚህ አጭር ላድርገው። ውሃ ሊያመጣልኝ ወደ ጓዳ ሲገባ መቃኑን ቆጠርኩት። የአባቱ ረድፎች ዘጠኝ ላይ ነው የሚረዝሙት፤ ሁለት ዐሥር አለ። የሱ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝና ስምንት ናቸው። ከዚያ ለዓመታት ሰባት ሰባት፣ ቀጥሎም ስድስት ስድስት። ከመከልከሉ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ስድስት፣ አምስት፣ አምስት ናቸው። ነገርኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ካንቺ አፍ ቢሆን ይሰማ ይሆናል። ቶሎ ጻፊ።


ጥቅምት 26 ቀን

አጎቴ፤

ሰላምታዬን ዛሬ አላስረዝምም፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህ ወረቀት ከኅዳር 7 በፊት እንዲደርስ ብቻ ነው የምለምነው።

ሣር ላስተምርዎት አልችልም። ልነግርዎ የፈለግኩት ራስዎ በቢላዎ የጻፉትን ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጠባሳዎች በአምስተኛው ሳምንት ነው የለኮሱት። ዘጠኝ የአያቴ ነው፤ አምስት የእርስዎ ነው። ያም ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዘንድሮ በዘጠነኛው ሳምንት ያ ሣር ጠባሳ አይሆንም፤ ክብሪቱን ከነካ ማንም አይመልሰውም። አይለኩሱት። ጊዜው አልፏል። ሰው ካለዎት በመቆፈሪያ ይግፈፉት፣ ባዶ አፈር እስኪሆን።

ሌላም ነገር አለ። ለአራት ወር ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀውኝ ሥራ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። እሳቱ ከቤታቸው አንድ ኮረብታ ቀርቶት ነበር። ይውጡ አልኳቸው። ይህ አባቴ የሠራው ቤት ነው አሉኝ። ድምፃቸው እንደ እርስዎ ነው፤ ቁጣቸውም። ለመንኳቸው። በመጨረሻ ተስማሙና «እሺ፣ ቆይ በሩን ቆልፌ ልምጣ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ጠበቅኩ። ከዚያ መስመሩ ዝም አለ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ቀን በኋላ ብዕር ሳነሣ እጄ እምቢ ይለኝ ጀመር።

ውጡ የተባለ ቀን ይውጡልኝ። በሩን አይቆልፉ።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ የኔ ብቻ አይደለም። ስለ ጠባሳው ለአለቃዬ ነገርኳት። እዚህም ድሮ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ በአንድ አልቀዋል። ነፋሱን እንዴት ነው የሚይዙት ብላ ጠየቀችኝ። አጎቴን ልጠይቅ አልኳት።

ድንቢጥዎ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለድንቢጤ፣ ለወንድሜ ዓይን፤

ከነሙሉ አካሌ ሰላም እልሻለሁ። ያጠረኝ ቅንድብ ብቻ ነው። ፈጣሪ ይመስገን፤ አንቺንም በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞ ይገኝልሽ።

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። አዋላጇ ሁለት ቀን ተከፍሎ ካልሆነ እጄ አይችልም ብላለች። በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

ወረቀትሽን የመኪናው ሹፌር ያመጣው ኅዳር 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው። አዋላጇ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ቆጠራው ከየት መጣ ብዬ ዞር ብዬ ሳያት መነጽሯን መጥረግ ጀመረች።

ወደ መቃኑ ሄድኩ። ዓይኔ ያን ጭረት መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ በአውራ ጣቴ ነው የቆጠርኩት። አባቴ ላይ ጀመርኩ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ደስ አለኝ። ወደኔ ስወርድ እያጠረ ሄደ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ አምስተኛው ረጅም ሆነብኝ፤ ስድስተኛ ፈለግኩ፤ እንጨቱ ልሙጥ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። እጄ ያውቅ ነበር፤ አፌ ነው ያላወቀው። በየዓመቱ ሣሩን እጨብጣለሁ፣ ሲሰበር እለኩሳለሁ፣ ጭረቱን አስረዝማለሁ። ስንተኛ ሳምንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሲኖር ግን አፌ አባቴ ያለውን ዘጠኝ ይላል። ወደ ኋላ ቆጥሬ አላውቅም። ለምን ብዬ እቆጥራለሁ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲከለክሉኝ እጄ ረሳ፤ አፌ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ ሃያ አምስቱም ሰው ተሰብስቧል። በርሜሉ ሞልቷል። ሹሙ አዲስ ቆብ አድርጓል። እኔ ያንቺን ቡትስ አድርጌ ወጣሁና ክብሪቱን ከኪሴ አውጥቼ ለሹሙ ሰጠሁት።

«ተሳስቻለሁ፤ ዘንድሮ አይለኮስም» አልኩት።

ፀጉር ቆራጩ አባ ክብሪት ክብሪት ፈራ አለና የሚስቅ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሹሙ ግን አልሳቀም። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ቀን ነበር፣ ሊያዋርደኝ ይችል ነበር። ሣሩን ጎንበስ ብሎ ጨበጠው፤ በእጁ ውስጥ ዱቄት ሆነ። እጁን አራግፎ ታዲያ ምን እናድርግ አለኝ። መቆፈሪያ አልኩት።

ልጄ፣ ማቃጠል የሁለት ማለዳ ሥራ ነው። መግፈፍ ግን ወገብ ይቆርጣል። ስፋቱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ፣ ርዝመቱ ከድንጋይ ማውጫው እስከ ደረቁ ወንዝ። ሰው በየቀኑ ጨመረ፤ ጡብ ሠሪዎቹ ምድጃቸውን አጥፍተው መጡ፣ ሹፌሩ እንኳ መኪናውን አቁሞ ከሰዓት ከሰዓት ይቆፍር ነበር። ፀጉር ቆራጩ በሦስተኛው ቀን እጁ ውሃ ቋጥሮ ምላጭ መያዝ አቃተው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎፈሬ ሆነ።

መስመሩን የማሳየው እኔ ነበርኩ። የኔ ቤት ከሁሉም ወደ ደኑ ገባ ያለ ነው። ቤቴን ከወዲህ ለማስቀረት መስመሩ ሊታጠፍ ነው፤ አራት ቀን ይጨምራል። ስለዚህ ቀጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ሹሙ ቀና ብሎ አየኝ። አዋላጇ ደግሞ እጄን ይዛ ቤትህ እኮ ውጪ ቀረ አለችኝ። አይቻለሁ አልኳት። የመለሰችልኝን አልጽፍም ብላለች።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ጨረስን። ከዚያ በፊት ስምንት ቀን ሙቀቱ አልወረደም ነበር። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፣ የበሩ እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፣ ወፎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሌሊቱም አልበረደም፤ ያልሽው ትዝ አለኝ። እኛ በጨረስን በማግስቱ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ ከኮረብታው ጀርባ ጢሱ ተነሣ። ድምፁ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ብዙ መኪና ዳገት የሚወጣ ይመስላል።

ውጡ ተባለ። የጭነት መኪናው መጣ። ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ አሉ። ቤቴ በር ላይ ቆምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመቅረት ሐሳብ ነበረኝ። አባቴ የሠራው ቤት ነው፤ እሱ ባለበት ልሁን አልኩ። ከዚያ ያ ሰውዬሽ ትዝ አለኝ፤ በሩን ልቆልፍ ያለው። አንቺም ስልኩን ይዘሽ ስትጠብቂ ታየሽኝ።

ድንቢጤ፣ በሩን አልቆለፍኩም። ነቀልኩት።

ሹሙ በዲጂኖ አገዘኝ። መቃኑን ከነመዝጊያው ተሸክመን ስንመጣ ሹፌሩ ጮኸብኝ፤ አንድ ዕቃ ነው የተባልነው አለኝ። አንድ ዕቃ ነው፣ ቁጠረው አልኩት። በሩ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።

እሳቱ እስከ መስመሩ መጣ። አፈሩ ላይ ሲደርስ እንደ ደከመ በሬ ተኛ። ሁለት ቦታ ላይ ፍንጣሪ ዘሎ ነበር፤ የቀሩት ሰዎች በእርጥብ ጆንያ መትተው አጠፉት። የኔ ቅንድብ የሄደው እዚያ ነው፤ ከመኪናው መቼ እንደወረድኩ አትጠይቂኝ። ሰባ ሁለት ቤት ቆሟል። አንድ የለም። አልቅሼ እንደሆነ አዋላጇን ብትጠይቂ ትዋሻለች።

አሁን የማድረው ጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በሬ ግድግዳ ተደግፎ አጠገቤ ቆሟል።

ለአለቃሽ ንገሪያት። እሳት ነፋስን ተከትሎ እንዲሮጥ አይለኮስም። ነፋሱን ፊት ለፊት እየገፋ እንዲሄድ ነው የሚለኮሰው፤ ተዳፋት ከሆነ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። እንደዚያ ሲሆን ቀስ ይላል። የኔን ጉልበት የያዘ ሰው በእግሩ የሚቀድመው እሳት ነው ጥሩ እሳት። ማለዳ ጤዛው ሳይነሣ ጀምሩ። መቼ እንደሆነ ደግሞ አፋችሁን አትጠይቁ፤ ሣሩን ጨብጡት።

ስለዚያ ሰውዬ። ለሽማግሌ እሺ ማለት ጥፋት አይደለም። አንድ ሽማግሌ አልደረሰልሽም፤ አንዱ ደርሶልሻል። በዚህ እጅሽ ይፈታ።

ባለፈው ምንም አልፈልግም ብዬሽ ነበር። አሁን እፈልጋለሁ። የበሩን ማጠፊያ ሹሙ በዲጂኖው አጣሞታል። ሁለት ማጠፊያ ላኪልኝ።

አጎትሽ፤ አውራ ጣቴ ቁስል ስላለበት አሻራው ቢያምታታሽ እኔው ነኝ።


ታኅሣሥ 24 ቀን

አጎቴ፣ አባቴም፤

ሰላም ይሁንልዎ። ደብዳቤዎን ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። እየተረጎምኩ ለሁሉም አነበብኩላቸው። «በሩን አልቆለፍኩም» ስል ወረቀቱን አስቀመጥኩ፤ አለቃዬ ውሃ አመጣችልኝ። «ነቀልኩት» ስል ግን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ከሳቅኩ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር።

የመቃኑ ቆጠራ አሁን ከካርታው አጠገብ ተለጥፏል። የአየር ትንበያ ባለሙያው ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያየውና አጎትሽ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው የሚጠቀሙት ብሎ ጠየቀኝ። ቢላዋ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሦስት ጠባሳ አበጀን። ከላይ ወደ ታች፣ ነፋሱን ፊት ለፊት። አለቃዬ በእግሯ ከእሳቱ ፊት ፊት እየሄደች ቀድሜዋለሁ፣ ቀድሜዋለሁ ትል ነበር። ቆመ። የፈለግንበት ቦታ ላይ ቆመ።

ማጠፊያዎቹን ልኬያለሁ፤ ዝገት የማይነካቸው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የእሳቱ ወቅት ሲያልፍ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። እመጣለሁ። ምን ላምጣልዎ? ቤቱስ ከሌለ በምን ምልክት አገኝዎታለሁ?

ድንቢጥዎ


ጥቅምት 18 ቀን፤ አራተኛው ሳምንት

ለመንገደኛዋ፣ ለድንቢጤ፤

መንገድሽ ቀና ይሁን። እግርሽ እንቅፋት አይንካው፤ ጎንሽ የሚቀመጠውም ሰው ደህና ሰው ይሁን። ይህ ወረቀት ሳትነሺ ቢደርስሽ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ጠባሳው ተለኮሰ። ማክሰኞ ሣሩን ጨበጥኩት፣ ተሰበረ። ስንተኛ ሳምንት ነው ብዬ አዋላጇን ጠየቅኳት፤ አራተኛ አለች። አራት ከሆነ አራት ነው አልኩ። በማግስቱ ማለዳ ሁሉም ተሰለፈ። ሹሙ ያኔ ከኪሴ የወሰደውን ክብሪት፣ የድሮውን፣ ከመሳቢያው አውጥቶ ይዞ መጥቷል። ዐሥራ ሦስት ዓመት አስቀምጦታል። ከሰው ሁሉ ፊት ሰጠኝ። አልጫረም። ሁለተኛውም አልጫረም። በፀጉር ቆራጩ ላይተር ለኮስን፤ እስከ ዕለተ ሞቴ የሚያወራው አገኘ።

እሳቱ እንደ ሽማግሌ ተራመደ። በአራት ማለዳ አለቀ። መስመሩን ዘንድሮ ያሳየው ሹሙ ነው። ከቤቴ ጀርባ አሳልፎታል። ሁለት ቀን ጨምሮባቸዋል።

ቤት ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያውም ተመቷል፤ ግድግዳው ገና ነው። በሩ ግን ከሁሉ ቀድሞ በማጠፊያሽ ቆሟል። ሳይጮኽ ይከፈታል፣ ሳይጮኽ ይዘጋል። ሰዉ መሳቂያ አድርጎኛል። ፀጉር ቆራጩ ወደ ሱቁ ሲሄድ ግድግዳ ከሌለው ቤት በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ ማነው እለዋለሁ፤ እኔ ነኝ ይላል፤ ፊት ለፊት እየተያየን።

ምንም አታምጪልኝ። ቡትሱም ለመደኝ፤ ወይ እግሮቼ ታርቀዋል።

ከመኪና ስትወርጂ ማንንም አትጠይቂ። ጥቁሩን መስመር በግራ ይዘሽ ውጪ፣ በሩን ታዪዋለሽ። በጎን ዞሮ መግባት ይቻላል፤ ፍየሎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንቺ ግን አንኳኪና በበሩ ግቢ። ስትገቢ ጎንበስ ብለሽ መቃኑን ዳብሺ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አራተኛው ረጅም ነው። ጣትሽን ቀስ አድርገሽ ክተቺ፤ ትናንት ስለቆረጥኩት ገና ሻካራ ነው።

አጎትሽ፤ ዘንድሮ አሻራው ጥርት ብሎ ወጥቷል።